ጨው ያለበት ቡና

ጌዴኦ ውስጥ ቡና በጨው ይጠጣል። ሬኮ ላይ የቀረበለትን ስኒ ፉት ያለ የአዲስ አበባ ልጅ መጀመሪያ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ሁለተኛው ላይ ይለምደዋል። እኔም እንደዛው ነበርኩ። ኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ቡናው የጓሮ ነው፤ በእንሰትና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ጠጥቶ ያደገ። ጨውስ? ጨው የሚገኘው ዝናብ በጠፋበት፣ ፀሐይ ውሃውን አትንና በጨረሰችበት ቦታ ነው።

የጨውን አገር ለማየት ወደ አፋር መውረድ ያስፈልጋል። የዳናኪል ረባዳ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ዳሎል ላይ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተወሰደው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነበር። ታዲያ በዚያ በረሃ ጠርዝ ላይ ኮራል አለ፤ ባሕር ውስጥ ብቻ የሚያድገው ኮራል፣ ድንጋይ ሆኖ። ቦታው ከመቶ ሺህ ዓመታት በፊት የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። መግቢያው ሲዘጋ ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። ባሕር ዳርቻ የለንም እንላለን እንጂ፣ ባሕሩ ጥሎት የሄደ ዳርቻስ አለን።

ከዚያ የተቆረጠው ጨው ታሪካችንን ተሸክሟል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴው ኮስማስ የአክሱም ሰዎች ጨው፣ ብረትና ከብት ይዘው ሄደው በወርቅ እንደሚለውጡ ጽፏል። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ደግሞ ጨው እንደ ገንዘብ ሲሠራበት አገኘ፤ ከመነሻው በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምራል ብሎናል። አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገንዘብ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፦ ደጋው የሌለውን ነገር ደረቁ ቆላ ነበረው።

በኋላ የደጋው ጨው በብዛት ከቀይ ባሕር ዳር፣ በተለይ ከአሰብ ይመጣ ጀመር። አሰብ ዝናብ እምብዛም አያውቅም፤ ፀሐይና ነፋስ ግን ሞልቷል። ለጨው ማምረቻ ከዚህ የተሻለ አየር የለም። እዚያው ፋብሪካ ውስጥ አዮዲን ይጨመርበት ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች በኋላም ጨው መምጣቱን ቀጠለ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ግን መንገዱ ተዘጋ።

ስለ አሰብ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ መርከብና ስለ ኮንቴይነር ነው። የጨው ጉዳይ ይረሳል። የአገር ውስጡን ገበያ የአፍዴራ ጨው ቶሎ ሞላው፤ ችግሩ አብዛኛው አዮዲን የሌለው መሆኑ ነበር። የተራራ አፈር ደግሞ ዝናብ ስለሚያጥበው አዮዲን ያንሰዋል። እንቅርት ለደጋው ሰው አዲስ በሽታ አይደለም፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት እኮ ከሜዳ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ሕፃናት 40 በመቶ ያህሉ እንቅርት ተገኘባቸው። የአዮዲን እጥረት አንገት ከማሳበጥም ያልፋል፤ ገና በማህፀን ያለን ልጅ አእምሮ ይጎዳል። ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ከተጀመረ ከ13 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እነዚያ 13 ዓመታት ለእኔ የባሕር ዳርቻ ታሪክ አካል ናቸው። ባሕር አይቶ የማያውቅ፣ ስለ ወደብ ጠይቆ የማያውቅ የተራራ ልጅ የአሰብን መዘጋት በገዛ አካሉ ከፍሎታል።

ሬኮ ስትሄዱ ጨው ያለበትን ቡና እንቢ አትበሉ። ሱቅ ጎራ ካላችሁ ደግሞ የጨዉን ፌስታል ገልብጡና «አዮዲን» የሚል ጽሑፍ እንዳለው እዩ። ያቺ አንዲት ቃል በቀላሉ አልተገኘችም።