ኖራና የሰባራ ድልድይ

ከእስቴ ወደ ሞጣ ዓባይን የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ የአንድ ድንጋይ ግኝት ውጤት ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1621 ገደማ፣ ከህንድ የመጣ ሰው ለኖራ የሚሆን ድንጋይ ማግኘቱን ኢየሱሳዊው አልሜዳ ጽፏል። በዚያ ጊዜ የአገሩ ግንበኛ ድንጋይን የሚያያይዘው በአብዛኛው በጭቃ ነበር፤ ጭቃን ደግሞ የክረምት ጎርፍ ያጥበዋል። የኖራ ድንጋይ ግን በእቶን ሲቃጠል በውስጡ የታመቀው የካርቦን ጋዝ ይለቀዋል፤ ቅሪቱ በውሃ በርዶ ከአሸዋ ጋር ሲላወስ ያንኑ ጋዝ ከአየር እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ከቅስቱ ይልቅ የሚደነቀው ይህ ነው።

በዓባይ ላይ መጀመሪያ የአላታ፣ ኋላም በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ሰባራ ድልድይ ተገነባ። በ1930ዎቹ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ መካከሉ ከፈረሰ ወዲህ የሁለቱ ዳር ሰዎች ክፍተቱን በገመድ እየተሳሳቡ ይሻገሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጋደመለትን ብረት ጎርፍ በ2005 ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።