ብድር በምድር

ከፍተኛ ትምህርት በአገራችን ለረጅም ዘመን «ነፃ» ሲባል ኖሯል። ቃሉ ግን ያሳስታል። ከፋዩ ሌላ ሰው ነበረ እንጂ ያለ ከፋይ የተማረ የለም።

በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በሉሲየን ማት የተመራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ንጉሡ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለቀቁለት። የመማሪያው ወጪ ግን ከመንግሥት ካዝና ነበር፤ ካዝናውን ከሚሞሉት መካከል ደግሞ ልጁን አስኳላ ያልላከው ገበሬ ነበረ።

ይህ ብድር ተረስቶ አልቀረም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ተደረገ፤ አብዛኛው አስተማሪ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውን ሁሉ ወደ ገጠር አዘመተው። የመጀመሪያው ግዴታ፣ ሁለተኛው ደግሞ ትእዛዝ ነበር። ቢሆንም ገበሬው ብድሩ ሲመለስ በዓይኑ አይቷል፤ መምህሩ ከደጁ ቆሟልና።

በ1996 ዓ.ም. ብድሩ በብር ተተመነ። «ወጪ መጋራት» የተባለው ደንብ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲሸፍን አዘዘ። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ይገባል። መምህር የሚሆን ግን በአገልግሎቱ ሊከፍል ይችላል፤ የጥንቱ ልማድ በዚህች አንቀጽ ተርፏል።

በመርሁ አልከራከርም፤ የበላ መክፈሉ ያባት ነው። ታናሽ ወንድሜ ውሉን ሲፈርም አብሬው ነበርኩ። ከፊቱ የተቀመጠው ድምሩ ብቻ ነበር። «ለምግብ ስንት፣ ለመጽሐፍ ስንት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ፈርም፣ ሰልፉን አታስቁም» ተባለ። ፈረመ። የበላውን ወጥ ያውቀዋል፤ ዋጋውን ማን እንደተመነው ግን እስከ ዛሬ አያውቅም።

በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጥቷል፤ የመጀመሪያው ራስ ገዝም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ተቋማት የራሳቸውን ገቢ በፈለጉ ቁጥር የወንድሜ ጥያቄ እየከበደ ይሄዳል። አበው «ብድር በምድር» ይላሉ። ተበዳሪው ከፋይ ከሆነ፣ አበዳሪውም ሒሳቡን በግልጽ ያሳይ።