የዱድሊ ድንጋይ ፈላጮችና ካሊሜኔ

እንግሊዝ መሀል አገር ያለችው ዱድሊ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን የምትታወቀው በከሰል፣ በብረትና በኖራ ድንጋይ ነበር። ፈላጮቹ የሬንስ ኔስትን ኮረብታ እየቦረቦሩ ለብረት ማቅለጫ ምድጃ የሚሆን ድንጋይ ሲያወጡ፣ በመካከሉ የሚያገኙትን ቅሪተ አካል ለይተው ለሰብሳቢዎች ይሸጡ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የሚፈለገው በአካባቢው “የዱድሊ አንበጣ” የሚባለው፣ 430 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፣ ትሪሎባይት ከሚባሉት ወገን የሆነ የባሕር ፍጥረት ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ቻርልስ ሊትልተን ስለዚሁ ፍጥረት ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ፤ ፈረንሳዊው አሌክሳንድር ብሮኛር ደግሞ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ካሊሜኔ ብሉመንባኪ ብሎ ሰየመው። ታሪኩ ሲወሳ የምሁራኑ ስም ይጠራል፤ ፈላጮቹ ግን እንደ ተራ አቅራቢ ታይተው ይታለፋሉ። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። የካሊሜኔ ወገን ድንበር የተሰመረው እነሱ መርጠው ባወጡት ማስረጃ ላይ ነውና።

ምክንያቱ ከእንስሳው አካል ይጀምራል። ትሪሎባይት ሲያድግ ቅርፊቱን ይጥላል፤ ስለዚህ ዓለት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ጭንቅላቱ ለብቻ፣ ጅራቱ ለብቻ የሆነ ስብርባሪ ነው። ከዚያ ተነስቶ የትኛው ጅራት የየትኛው ጭንቅላት እንደሆነ መናገር ያስቸግራል። ገበያው ዋጋ የሚሰጠው ለሙሉው ስለነበር የፈላጩም ዓይን ሙሉውን ይፈልግ ነበር፤ ካሊሜኔም እንደ ኳስ መጠቅለል ይችል ስለነበር አንዳንዱ አካሉ ሳይበታተን ቆይቷል። እንዲህ ያለውን ናሙና ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ጭንቅላቱ መሀል ወደ ፊት እየጠበበ የሚሄድ ጉብታ፣ በጉብታው ግራና ቀኝ ከኋላ ተልቀው ወደ ፊት እያነሱ የሚሄዱ ድቡልቡል እብጠቶች፣ ከዚያ ወዲያ 13 የደረት አንጓዎች ያገኛል። ፊቱ ላይ ያለው፣ ቅርፊቱ ሲጣል የሚከፈትበት መስመር የጭንቅላቱ ጥግ ላይ መውጣቱም ካሊሜኔንና የቅርብ ዘመዶቹን ከብዙ ትሪሎባይቶች ይለያል።

ፈላጮቹ ለገንዘብ ሲሉ ያማረውን እየመረጡ የተሰበረውን ጣሉት፣ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣም አልመዘገቡም የሚል ክርክር ይነሳል። ጉዳቱ እውነተኛ ነው፤ ዝርያዎቹ በጊዜ ብዛት እንዴት እንደተለወጡ ለሚጠይቅ ሰው ንብርብሩ የጠፋበት ናሙና ግማሽ ምስክር ነው። የአካሉን ቅርጽ ለሚጠይቅ ግን ምስክርነቱ ሙሉ ነው። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የእግሮቹ ጉዳይ ነው። የዱድሊው ድንጋይ ቅርፊቱን እንጂ ስስ እግሮቹን አላቆየም። እግሮቹን ያሳየው አሜሪካዊው ቻርልስ ዋልኮት ሲሆን፣ ከኒው ዮርክ የወጡ የተጠቀለሉ ትሪሎባይቶችን በስሱ እየቆረጠ መርምሮ ውጤቱን በ1881 እ.ኤ.አ. አሳተመ። የትሪሎባይትን አርትሮፖድነት፣ ማለትም ባለ መገጣጠሚያ እግር እንስሳ መሆኑን፣ በማጽናት ረገድ ይህ ሥራ ትልቅ ድርሻ አለው። ሆኖም አንዱን ወገን ከሌላው የሚለየው አሁንም ቅርፊቱ ነው። ዋልኮት ካሊሜኔ ብሎ የቆረጠው እንስሳ ራሱ፣ ፍሌክሲካሊሜኔ የተባለው ወገን በ1936 እ.ኤ.አ. ከተለየ በኋላ ወደዚያ ተዛውሯል፤ ያዛወረውም የጭንቅላቱ ቅርፊት ልዩነት እንጂ እግሩ አልነበረም።