የፍላጻ ላባ

የፍላጻ ላባ በዘንጉ ጅራት በኩል የሚጣበቅ፣ ከአእዋፍ ላባ ወይም ከፕላስቲክ የሚሠራ ቀጭን ክንፍ ሲሆን፣ ነፋሱ ጅራቱን ወደ ኋላ እንዲይዘው በማድረግ ጫፉን ወደ ዒላማው እንዳቀና ያቆየዋል፤ ሰያፍ ሆኖ ሲጣበቅም ፍላጻውን ያሽከረክረዋል። በኢትዮጵያ ቀስት ከጦርና ከጋሻ ያነሰ ስም ቢኖረውም፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የፉቱሕ አል ሐበሻ መጽሐፍ ማያ የተባሉትን ባለመርዝ ፍላጻ ተዋጊዎች ያነሣል።

የላባውን ምርጫ ከሁሉ በላይ የሚወስነው የፍላጻው ጫፍ ነው። ሰፊ ስለት ያለው የአደን ጫፍ ራሱ ነፋስ እየያዘ ፍላጻውን ከመንገዱ ስለሚያስት ረዘምና ከፍ ያለ ላባ ይፈልጋል፤ በኦሊምፒኩ የ70 ሜትር ውድድር ግን ትልቅ ላባ ፍጥነት ስለሚቀንስና ለጎን ነፋስ ስለሚያጋልጥ ትንሽ የፕላስቲክ ክንፍ ይመረጣል። ነፋስ በሌለበት የ18 ሜትር የቤት ውስጥ ውድድር ትልቁም ያዋጣል። ተርኪ ከሚባለው ትልቅ ወፍ የሚወሰደው የተፈጥሮ ላባ ቀላልና ቀስቱን ሲነካ የሚተጣጠፍ በመሆኑ ፍላጻውን ሳያናጋ ያልፋል፤ ሆኖም እንደ ጋይንት ባለ ደጋ የክረምት ዝናብ ሲያገኘው ረጥቦ ይተኛል፤ ፕላስቲክ ግን ውኃ አይይዝም። በተለምዶ ሦስት ላባዎች በ120 ዲግሪ ተራርቀው ይጣበቃሉ፤ የወፍ ላባ ተፈጥሯዊ ጥምዝ ስላለውም የአንድ ፍላጻ ላባዎች ሁሉ ከግራ ክንፍ ብቻ ወይም ከቀኝ ክንፍ ብቻ መወሰድ አለባቸው።