የቀጭኑ መጋዝ ታሪክ



ከቢሮ ሥራ የሚተርፋችሁን ጊዜ በምን ታሳልፉታላችሁ? የአንድ ትንሽ መሣሪያ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው፤ ይኸውም ስለቱ እንደ ክር ቀጥኖ በእንጨት ላይ ሐረግና አበባ የሚቈርጠው መጋዝ ነው።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1760ዎቹ ዓመታት ጆን ስፒልስበሪ የተባለ የሎንዶን ካርታ ሠሪ ካርታን በሳንቃ ላይ ለጥፎ፣ በየአገሩ ወሰን በቀጭን መጋዝ እየቈረጠ ሸጠ። ልጆችም ቍርጥራጩን መልሰው ሲያገጣጥሙ ጂኦግራፊ ይማሩበት ነበር።

በኋላም እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ መጋዝ በወጣ ጊዜ፣ ሥራው ከባለሙያው ሱቅ አልፎ ወደየቤቱ ገባ። በዚያው አቆጣጠር በ1895 በእንግሊዝ አገር «ሆቢስ» የተባለ ሳምንታዊ መጽሔት መታተም ጀምሮ፣ የመቍረጫ ንድፍ ለአንባቢዎቹ ያድል ነበር። ንድፉን በሳንቃ ላይ ለጥፎ፣ ቀዳዳ በስቶ፣ ስለቱን በቀዳዳው አሳልፎ መቍረጥ ነው። ስለዚህ የማይተዋወቁ ሰዎች በየከተማቸው ሆነው አንድ ሥራ ይሠሩ ነበር።

ይህን እንደ ሥራ ፈት ጨዋታ የሚቈጥር ሰው ቢኖር የ1930ዎቹን አሜሪካ ይመልከት። ታላቁ የኤኮኖሚ ውድቀት ከሥራ ያስወጣቸው ብዙ ሰዎች፣ እንደዚያ ካርታ ተቈራርጦ የሚገጣጠም ሥዕል በቤታቸው እየሠሩ ሸጡ፤ አከራዩም። በትርፍ ጊዜ የተለመደው የእጅ ሥራ በክፉ ቀን እንጀራ ሆነ።

እንግዲህ እጃችሁ ከብዕር ሌላ አንድ ሥራ ይወቅ፤ ያወቃችሁትንም ለባልንጀሮቻችሁ አሳዩ። ሙያ ቢካፈሉት አይጐድልምና።