የካዛኖቫ ሎተሪ የማን ነበር?

ጃኮሞ ካዛኖቫ የቬኒስን እስር ቤት ጣሪያ በስቶ አምልጦ ፓሪስ የገባው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 1757 ነው። ዓለም ስሙን የሚያነሳው ከሴቶች ጋር አያይዞ ነው። ፈረንሳዮች ግን አያቶቻቸው ሲቆርጡት የኖሩትን የመንግሥት ሎተሪ ሲያወሱም ይህንኑ ስም ይጠራሉ።

ጨዋታው የጄኖቫ ነው። በዚያች ከተማ ሹማምንት የሚመረጡት ስማቸው በዕጣ እየወጣ ነበርና ሕዝቡ «የማን ስም ይወጣ ይሆን?» እያለ በገንዘብ ይወራረድ ጀመር። ኋላ ስሙ ቀርቶ ቁጥር ተተካ፤ ከ1 እስከ 90 ካሉት ቁጥሮች አምስቱ ይወጣሉ።

ፓሪስ ውስጥ ደግሞ ማዳም ደ ፖምፓዱር የምትደግፈው፣ ባለሀብቱ ፓሪ ዱቬርኔ የሚመራው የንጉሥ ሉዊ 15ኛ የጦር ትምህርት ቤት ገንዘብ አጥሮት ነበር። መንግሥት ጦርነት ላይ ስለነበረ ለትምህርት ቤት የሚተርፈው አልነበረም። ካዛኖቫ ከቬኒስ ጀምሮ በሚያውቀው በዲፕሎማቱ ደ ቤርኒ አማካይነት ዱቬርኔ ዘንድ ቀረበ።

ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ካዛኖቫ በማስታወሻው እንደሚተርከው፣ ዱቬርኔ 20 ሚሊዮን እንደሚያስፈልገው ሲነግረው መላው በእጁ እንዳለ ተናገረ። በልቡ ግን አንድም ሐሳብ አልነበረም። በማግስቱ ዱቬርኔ በልብህ ያለው ይኸው ነው ብሎ ወረቀት ሰጠው። ካዛኖቫ ርዕሱን አየ፤ አምስት ቁጥር የሚወጣበት ባለ 90 ቁጥር ሎተሪ ነው። ወዲያው የእኔም ሐሳብ ይኸው ነው አለ። ዱቬርኔ ግን የቀደመው ሰው እንዳለ ነግሮት የወረቀቱን ባለቤት ካልዛቢጂን አስተዋወቀው።

ካልዛቢጂዎች ወንድማማቾች ናቸው። አንደኛው፣ ራኒዬሪ፣ በ1762 ቬና ላይ ለታየው የግሉክ ኦፔራ «ኦርፌዮ እና ዩሪዲቼ» ግጥሙን የጻፈው ሰው ነው። የሎተሪው ፈጣሪ ካዛኖቫ ነው የሚለው ወሬ ግን ከእነሱ ስም ይልቅ ገንኖ ቀረ። እኔን የሚያሳምነኝ የካልዛቢጂዎች ባለቤትነት ነው፤ ምስክሬም ራሱ ካዛኖቫ ነው። በእርጅናው ዘመን ቦሄሚያ ውስጥ የመኳንንት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ሆኖ ሲጽፍ ስለ ራሱ ማጋነን ይወድ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ወረቀቱ የሌላ እንደነበር ካመነ ቃሉን የማንቀበልበት ምክንያት የለም።

የካዛኖቫ ድርሻ ማሳመን ነበር። የፈረንሳይ ሹማምንት ስጋት ንጉሡ በአንድ ዕጣ ቢከስርስ የሚል ነው። እሱ ደግሞ በመጀመሪያው ዕጣ ንጉሡ ብዙ ገንዘብ ቢከፍል እሰየው፣ ወሬው አገር ያዳርሳል፣ ሰውም ይጎርፋል ብሎ ተከራከረ። ስሌቱንም ያውቀዋል። በአንድ ቁጥር ላይ ገንዘቡን ላስያዘ ሰው ዕድሉ ከ18 አንድ ሲሆን የሚከፈለው 15 እጥፍ ነው። በሁለት ቁጥር ዕድሉ ከ400 አንድ ገደማ፣ ክፍያው 270 እጥፍ። ሦስት ቁጥር አንድ ላይ የመውጣት ዕድላቸው ከ11,748 አንድ ነው። በዕድሉና በክፍያው መካከል ያለው ልዩነት ወደ ንጉሡ ካዝና ይገባል።

የመጀመሪያው ዕጣ ኤፕሪል 18 ቀን 1758 ወጣ። ካዛኖቫ ከተሰጡት ስድስት የመሸጫ ቢሮዎች አምስቱን ሸጦ የሴን ዴኒ መንገዱን ለራሱ አስቀረ። እሱ የፈረመበት አሸናፊ ትኬት በ24 ሰዓት ውስጥ እንደሚከፈል አስነገረ፤ ገዢውም ወደ እሱ አደላ። በዚያ ዕጣ 2 ሚሊዮን ፍራንክ እንደገባና 600,000 እንደተረፈ የጻፈው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ አያነጋግርም። ሎተሪው በ1776 የንጉሡ ሎተሪ ተባለ፤ አብዮተኞቹ በ1793 ዘጉት፤ በ1797 ተከፈተ፤ በ1836 ጨርሶ ቀረ።

የጄኖቫው ጨዋታ ግን ኢጣሊያ ውስጥ አልቆመም። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን በየትምባሆ መሸጫው የሚያዩት «ሎቶ» ያው ባለ 90 ቁጥሩ ነው። አሁን በኢንተርኔትም ይቆረጣል፤ ሱቅ መሄድ፣ ወረፋ መያዝ የለም። ይህ ቅለት ያሳስበኛል። በስልኩ ቁጥር ለሚመርጥ ሰው ከሽልማቱ ማስታወቂያ አስቀድሞ የክፍያው ስሌት ሊታየው ይገባል። ዕድሉ በካዛኖቫ ዘመን እንደነበረው ነው፤ በአንድ ከተማ ዕጣ ላይ አንድ ቁጥር የመውጣት ዕድሉ ከ18 አንድ። ክፍያው ግን ከግብር በፊት 11.23 እጥፍ ሆኗል፤ የሁለት ቁጥሩም ከ270 ወደ 250 ወርዷል።