በመጽሐፉ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር

በእርዳታ በመጡልን መጻሕፍት ጀርባ ላይ የተለጠፈችውን ቁጥር ልብ ብላችሁ አይታችኋል? 510፣ 823፣ 963... ብዙ ተማሪ ዋጋው ይመስለዋል። እኔም ላይብረሪ ውስጥ ማገዝ ስጀምር እንደዚያው ነበር የመሰለኝ።

ቁጥሩን ያወጣው ሜልቪል ዲዊ የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1873 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በአምኸርስት ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ተማሪም ረዳትም ሆኖ ሲሠራ ሐሳቡ መጣለት። በ1876 በ44 ገጽ አሳተመው። ከዚያ በፊት በብዙ ቤተ መጻሕፍት ቁጥር የሚሰጠው ለመደርደሪያው ነበር፤ መጻሕፍቱ በዝተው ቦታ ሲለዋወጡ ቁጥሩም እንደገና መጻፍ አለበት። ዲዊ ግን ቁጥሩን ለትምህርቱ ሰጠው። እውቀትን ሁሉ በ10 ከፈለ፣ እያንዳንዱን ክፍል እንደገና በ10፣ ያንንም በ10። 500 ሳይንስ፣ 510 ሂሳብ፣ 512 አልጀብራ። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ከወንድሞቹ ጎን ይገባል፤ የሚያስቸግር ነገር የለም።

ታዲያ አሥሩ ክፍል ለሁሉም እኩል አልተመተረም። 400 ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ 420፣ ጀርመንኛ 430፣ ፈረንሳይኛ 440 እያለ እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ቁጥር ይዘዋል። የተረፈው የዓለም ቋንቋ በሙሉ 490 ውስጥ ተጨናንቆ ተቀምጧል። አማርኛን ብትፈልጉ 492.87፣ ሶማሊኛን ደግሞ 493.54 ላይ ታገኛላችሁ። ሰውየው የሚያውቀውን ሰፊ ቦታ ሰጠው፣ የማያውቀውን ጥግ አስያዘው።

በዚህ ነገር እኔ በጣም የምወደው የዶሮቲ ፖርተርን ታሪክ ነው። ፖርተር ጥቁር አሜሪካዊት ናት። በ1930 በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጥቁሮች የጻፏቸውንና ስለ ጥቁሮች የተጻፉትን መጻሕፍት እንድታደራጅ ተመደበች። ሌሎች ቤተ መጻሕፍት እንዴት እንደሚያደርጉ ስትጠይቅ ያገኘችው መልስ አሳዛኝ ነበር። ለጥቁር የሚሰጡት ሁለት ቁጥር ብቻ ነበር፦ 325 እና 326። 325 ስደትና ቅኝ ግዛት ነው፤ 326 ደግሞ ባርነት። ጄምስ ዌልደን ጆንሰን የታወቀ ገጣሚ ነበር፤ የግጥም መጽሐፉ ግን ጸሐፊው ጥቁር ስለሆነ ብቻ 325 ይገባል። እንዴ፣ ግጥም እኮ ነው!

ፖርተር እምቢ አለች። ግጥሙን ከግጥም፣ ታሪኩን ከታሪክ፣ ሙዚቃውን ከሙዚቃ ጋር አደረገች። በ1973 ጡረታ እስክትወጣ እዚያው ሠራች፤ ስብስቡም በዓለም ታዋቂ ከሆኑት አንዱ ሆነ።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የኛው ተማሪዎች ደብተር ነው። ውስጡ ስለ እናት፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ዝናብ የተጻፈ ግጥም ሞልቷል። ነገ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ከውጭ የሚመጣ ሰው «የስደተኞች ጽሑፍ» ብሎ 325 ሊለጥፍበት ይችላል። ስለዚህ መምህራን፣ እኛው እንቅደም። በአማርኛ የተጻፈ ሥነ ጽሑፍ ቁጥሩ 892.87 ነው፤ በሶማሊኛ ከሆነ 893.54። ካርዱ ላይ ስም ስትጽፉም እንደ ፈረንጆቹ የአባትን ስም አታስቀድሙ። መጀመሪያ የሚጻፈው የልጁ የራሱ ስም ነው።